ዕድሩ ሮቶ ገዛ

ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ

የውሃውን ጉዳይ በወሩ ስብሰባ ላይ ሦስተኛ አጀንዳ አድርጌ አስይዤ ነበር። ተራው የደረሰው ሰዉ ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ከጀመረ በኋላ ነው። ዳኛችን «በል ልጄ፣ አጠር አድርገህ» አሉኝ።

አጠር አደረግኩት። የቦኖውን ውሃ በራሴ ወጪ አስመርምሬ ፍሎራይዱ በሊትር 3.1 ሚሊ ግራም ወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ነው። የዕድሩ አዳራሽ ደግሞ ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ በየክረምቱ ከሱ የሚወርደው ዝናብ በአጥሩ ሥር አልፎ መንገዱ ላይ ኩሬ ይሠራል። አሸንዳ እንስቀልበት፣ ሮቶ እናቁም፣ የሚጠጣ ውሃ እናጠራቅም። በቃ።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ (ስም መጥራት ስለማልፈልግ «ባለ ከዘራው» እላቸዋለሁ) ወለሉን ሁለቴ በከዘራቸው መቱና «ልጄ፣ ዕድር ለሞት ነው። ለውሃ መንግሥት አለ» አሉ። ብዙ ሰው «ልክ ነው» አለ። ከኋላ በኩል ግን እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡት እትዬ፣ የወጥ ቤት ኮሚቴ ናቸው፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፦ «ለሞትስ ቢሆን ድንኳኑ ውስጥ ውሃው ከየት ይመጣል ጋሼ? እኛ አይደለንም እንዴ ከቦኖ ተሰልፈን የምንሸከመው?»

ሳቅ ሆነ። በሳቁ መሃል አምስት ሰው ያለበት አጥኚ ኮሚቴ ተመረጠ። እኔ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ስለምሠራ «ዕቃውን በቅናሽ ታመጣለህ» ተብዬ ገባሁ። ቅናሹን ማን እንደፈቀደ አላውቅም፤ አለቃዬ ገና አልሰማም።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሰፈራችን አዳማ በወንጂ መውጫ በኩል ከተማው ሊያልቅ ሲል ያለ ነው። ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የከተማው መስመር ይደርሰናል፤ ግን በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ያውም ቧንቧው አየር ሲተፋ ካመሸ በኋላ። በቀረው ጊዜ ያለን ከጉድጓድ የሚወጣው የቦኖ ውሃ ነው። ቦኖው አይነጥፍም፤ ውሃውም ኩልል ያለ ነው። ችግሩም ይሄው ነው፤ ፍሎራይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም።

ጥፋቱ የቆፋሪው አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ከሥራችን ያለው ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ውሃው በውስጡ ዓመታት ሲያዘግም ፍሎራይዱን እያሟሟ ይመጣል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ቢሆን ፍሎራይዱን ይዞ መሬት ውስጥ ባስቀረው ነበር። የኛ ውሃ ግን ሶዳ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። ከዚህ እስከ ወንጂ፣ ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ድረስ ብዙ ቦታ ነገሩ ያው ነው።

የኔን ጥርስ ያየ ሰው የት እንዳደግኩ አይጠይቀኝም። ቡናማው መስመር በከሰልም በጥርስ ሳሙናም አይለቅም፤ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ አብሮት የተሠራ ነው እንጂ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ጉዳቱ ጥርስ ላይ የሚያርፈው እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። ይቺን 8 ዓመት የምትባል ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ታጣላናለች።

«እናፈላዋለን» የሚሉም አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ በግማሽ ሲቀንስ ፍሎራይዱ በእጥፍ ይወፍራል። ሻይ ቅጠሉም በራሱ ፍሎራይድ አለው። ይህን የነገርኳቸው እናቴ ፔርሙዙን እያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። መጀመሪያ ሌሎቹን መንገዶች አየን። አልም የሚባለውን ጨውና ኖራን ከውሃው ጋር አማስሎ ፍሎራይዱን ወደ ታች የማዝቀጥ ዘዴ አለ፤ ከህንድ የመጣ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥም ተሠርቶበታል። ግን በየቀኑ መዝኖ የሚጨምር ሰው ይፈልጋል፤ ዝቃጩን የሚደፋበት ቦታም ይፈልጋል። ሌላው የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ነው፤ ፍሎራይድ በደንብ ይይዛል። እሱን ሳነሣ ገንዘብ ያዣችን «የምን አጥንት? ማን ያረደው?» አሉ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ፊት አንድ ላይ ተኮሳተረ። ኮሚቴያችን እንደዚያን ሰዓት ተስማምቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዝናብ። ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ሌላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይዘንብም።

ጣሪያውን ለካን። 14 በ8 ሜትር፣ ማለትም 112 ካሬ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው፤ ይሄን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል መያዝ ነው። አዳማ በዓመት ወደ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። የሚፈናጠቀውን፣ የሚተነውንና የሚደፋውን አንድ አምስተኛ ቀንሰን ወደ 71 ሺህ ሊትር መጣ። ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ ለ84 አባወራ አካፈልኩት፤ ለአንድ ቤት በዓመት 42 ጀሪካን። ደስታው ቀዘቀዘ።

«ለልብስ አይሆንም ማለት ነው» አሉ እትዬ። ለልብስ አይሆንም። ለመጠጥና ለሕፃን ወተት ብቻ። ይሄን በግልጽ ቀድመን ካልተናገርን ክረምቱ ሳይጋመስ እንደምንጣላ ተስማማን። ገንዘቡም ስለማይበቃ ዘንድሮ የምንሠራው የጣሪያውን አንድ ጎን ብቻ ነው፤ 56 ካሬ፣ ባለ 5 ሺህ ሊትር አንድ ሮቶ።

ግንቦት 18፣ እሑድ

ልዩ ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

መዋጮው በቤት 600 ብር፣ በሁለት ዙር። ስድስት ቤት አንችልም አሉ፤ በጉልበት ይክፈሉ ተባለ፤ ይሄ አምስት ደቂቃም አልወሰደም። የቀረውን ሰዓት ሁሉ የበላው ማን ስንት ይቀዳል የሚለው ነው።

እኔ ከ8 ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት ቅድሚያ ይሰጥ አልኩ። ቆጥረን 31 ቤት ሆኗል። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ተነሡ፦ «እኔ ልጅ የለኝም። የድንኳኑን ከፍያለሁ፣ የወንበሩን ከፍያለሁ፣ የሮቶውንም እከፍላለሁ። ዕድር ሀብታም ከደሃ፣ የወለደ ካልወለደ ይለያል እንዴ?» ጭብጨባ። እውነታቸውን ነው። የዕድር ጉልበቱ ይሄ አይደል? ሚኒስትር ይሙት ሊስትሮ ይሙት ድንኳኑ አንድ ነው።

መልስ አጣሁ። ፍሎራይድ ለትልቅ ሰው አያሳስብም እንዳልል ውሸት ነው፤ ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያ ያደርቃል። ባለ ከዘራው ራሳቸው በወንጂ በኩል ነው ያደጉት፤ አንገታቸውን ለብቻው ማዞር አይችሉም፤ ሰው ሲጠራቸው በሙሉ ትከሻቸው ነው የሚዞሩት። ምክንያቱ ይሄ ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁላችንም ያየናቸው ያኔ ነው፤ እሳቸውም እንዳየናቸው አውቀዋል።

መፍትሔው ከእትዬ መጣ። እኩልነቱ እንዳይፈርስ ማንም ባዶ እጁን አይሂድ፤ ግን ሕፃን ያለበት ቤት በሳምንት ሁለት ጀሪካን፣ የሌለው በሁለት ሳምንት አንድ። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ የቀረው ለ31ዱ ቤት ብቻ፣ በሳምንት አንድ አንድ። ያቺ እናት ትንሽ አሰቡና «ድርሻዬን ለማን እንደምሰጥ እኔ እመርጣለሁ» ብለው ተቀመጡ። እሱም በቃለ ጉባኤ ገባ።

ባለ ከዘራው ድምፅ አልሰጡም። 600 ብራቸውን ግን በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ሆነው ከፈሉ፤ ሳይከፍሉ ቀሩ እንዳይባሉ ይሆናል።

ሰኔ 2፣ እሑድ

አሸንዳውን የሚሠራልን ቆርቆሮ ሠሪ እዚሁ ሰፈር ነው። ላሜራውን ከሱቅ አመጣሁ፤ አለቃዬ አምስት በመቶ ቀነሰልኝና «ይሄ ለነፍሴ» አለ። 14 ሜትር አሸንዳ በአንድ ቀን ታጥፎ፣ ተበይዶ፣ ተሰቀለ። ከመንገድ ሲታይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ጎበዝ ነው ብለን ለስላሳ ጋበዝነው።

ሰኔ 9፣ እሑድ

አረፋ ነው። ሥራ የለም። ከገንዘብ ያዣችን ቤት ሥጋ በላን።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ዘነበ፤ ሮቶው ገና ባይገዛም አሸንዳውን ለማየት ከሱቅ ሮጥኩ። ለካስ ጉዱ «ቀጥ ያለ» መሆኑ ነው። ውሃው መሃል ላይ ተኝቶ ሆዱን ነፋ፣ ከዚያ በከንፈሩ ፈሰሰ። ወደ ቱቦው ጫፍ የደረሰው አንድ ባልዲ አይሞላም። ቆርቆሮ ሠሪው ደርሶ አየና «እንዲያምር ብዬ ነበር» አለ። እኔም ቆሜ እያየሁ ነው የሰቀለው፤ ምን እላለሁ?

ሰኔ 16፣ እሑድ

ተዳፋት አበጀን። ውሃ ልክ የሚባለው ትንሹ ዕቃ ለ14 ሜትር አይታመንም፤ ስለዚህ ጥርት ባለ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተን፣ አንዱን ጫፍ አንድ ልጅ፣ ሌላውን እኔ ይዘን፣ የሁለቱ ውሃ እኩል የቆመበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ከዚያ መስመር በመውጫው በኩል 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ። በሁለት ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። አሁን ከመንገድ ሲታይ ጠመም ያለ ይመስላል። ያለፈ ሰው ሁሉ «አሸንዳችሁ ተጣሟል» ይለናል። ሁለት ባልዲ ወደ ላይኛው ጫፍ ደፋን፤ አንድም ሳይተኛ ወረደ።

የሮቶው መቀመጫም ዛሬ ተጀመረ። ግንበኛው በብሎኬት ላንሣው ብሎ ነበር። 5 ሺህ ሊትር ውሃ 5 ቶን እንደሆነ ስነግረው ሐሳቡን መለሰና መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገ፤ አፈራችን ልል ነው። በድንጋይ ሆነ፤ ጀሪካን ከሩቢኔቱ ሥር እንዲገባ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር። ያልከፈሉት ስድስት ቤቶች ድንጋዩን አጋዙ፤ በአግባቡ ካየነው ከ600 ብር በላይ ሠርተዋል።

ሰኔ 30፣ እሑድ

ሮቶው በአይሱዙ መጣ። በር ላይ የነበረ ሕፃን ሁሉ እየተከተለ ገባ። ዳኛችን መረቁ። ባለ ከዘራው በከዘራቸው ሆዱን አንኳኩተው «ባዶ ነው» አሉ። ሌላ አላሉም።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ሌሊቱን ዘነበ! ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ አየሁ፤ ውሃ አለ። እዚህ ድረስ ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ማስታወሻ ይሆን ነበር።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ትንንሽ ብልቃጦች አመጣችልን። ውስጣቸው መድኃኒት የነካ ወረቀት አለ፤ ውሃውን ትሞላና ሙቅ ቦታ ታስቀምጣለህ፤ ዓይነ ምድር ነክ ጀርም ካለበት ይጠቁራል። ማክሰኞ የሞላነው ዛሬ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ተገኘ።

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እርግብ። ከክፈፉ ሥር ጎጆ ሠርታለች፤ ቆርቆሮው ላይ ያለውን አልገልጸውም። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖቹን የሚያዞረው ያ ሁሉ ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት፤ ያራገፈው እኛ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ቆሻሻ ዝናብ የሚያስቀር ቱቦ ሠርቼ ነበር፤ ግን ሥራው የኔ ስንፍና አለበት። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሜትር 9 ሊትር ተኩል ይይዛል። የተረፈኝ ቁራጭ 1.2 ሜትር ስለነበር እሱኑ ሰካሁት፤ 11 ሊትር። 56 ካሬ ጣሪያ ለማጠብ 11 ሊትር? በአንድ ኩባያ ውሃ ገላ እንደመታጠብ ነው።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ሁለት ባለ 3 ሜትር ቱቦ ጎን ለጎን ተሰቀለ። አሁን 57 ሊትር፣ ማለትም የመጀመሪያው አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በሙሉ ወደዚያ ይገባል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ውሃው ከአሸንዳው ሲወርድ በቅድሚያ ቆመው ያሉትን ቱቦዎች ይሞላል። ውስጣቸው የላስቲክ ኳስ አለች፤ ውሃው እየሞላ ሲመጣ ኳሷ ተንሳፍፋ አፉ ላይ ካለው ሪዱሰር (ማጥበቢያ) ትገጥምና ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ በላይዋ አልፎ በጎሚቶ (በክርኑ መገጣጠሚያ) ወደ ሮቶው ይሄዳል። ከታች በኩል የክዳኑን ልብ በሚስማር በስቻለሁ፤ ዝናቡ ሲያባራ ቆሻሻው በዚያ ተንጠባጥቦ ያልቅና ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

ኳሶቹን ያገኘሁት ገበያ ውስጥ ከልጆች መጫወቻ ነው። ስምንት ገዝቼ ልክ የሆኑት ሁለቱ ናቸው። የቀሩት ስድስቱ ለሰፈሩ ልጆች ተሰጡ፤ አንዷ በነጋታው ጣሪያው ላይ ተገኘች።

እርግቧን ማባረር አከራከረ። ጎጆዋን ወደ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ አዛወርናት፤ እስካሁን አልተስማማችም። ሮቶው ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ በክሎሪን ታሽቶ እንደገና ለዝናብ ተዘጋጀ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ብልቃጡ አልጠቆረም። የፍሎራይድ ምርመራውም ደረሰ፤ 0.1። ወረቀቱን አዳራሹ በር ላይ ለጠፍኩት፤ ከጎኑ የቦኖውን 3.1። ለጥንቃቄ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲደርስ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ እንዲጨምር ተነግሯል።

መለኪያ ዘንግም አዘጋጀን። ሮቶው ውስጥ አሥር ጀሪካን ስንጨምር ውሃው 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ስለዚህ 1 ሳንቲ ሜትር 25 ሊትር ነው። አንድ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ላይ በመጋዝ ፋቅ ፋቅ አድርገን ቁጥር ጻፍንበት።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ማደል ተጀመረ። 62 ጀሪካን ለ31ዱ ቤት፣ ከቀሩት ደግሞ ለግማሾቹ አንድ አንድ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። መዝገቡን የዕድሩ ጸሐፊ ይዛለች፤ እንደ ለቅሶ ቀሪ ነው የምትቆጣጠረው። ያቺ እናት ድርሻቸውን ለጎረቤታቸው መንታ ልጆች ሰጡ፤ በመዝገቡ ላይ ግን በራሳቸው ስም እንዲጻፍ አዘዙ።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

ከጀርባችን ያሉት ጎረቤት ከዕድሩ አይደሉም። ሮቶው ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ በአጥራቸው ሥር እየገባ ግድግዳቸውን አረጠበው። መጡና ተቆጡ፤ ትክክል ናቸው። አዳማ ሳህን ውስጥ እንዳለች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ኮረብታ፤ ክረምት ሲመጣ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ አፈር ተሸክሞ ቤት ይገባል። እኛ ደግሞ ውሃ እናድናለን ብለን ለሰው ቤት ሌላ ጎርፍ ላክን።

ሁለት ቀን ፈጅቶ አንድ ሜትር ተኩል ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በድንጋይና በቀይ ጠጠር ተሞላ፤ ትርፉ ወደዚያ ይሰርጋል። ጎረቤታችን አካፋ ይዘው ራሳቸው ገቡ። ሲጨርሱ «ለዕድራችሁ መመዝገቢያ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ስለዚህ ቀን ባልጽፍ እመርጥ ነበር።

ትናንት ማታ ዘንጉ 164 ነበር። ዛሬ ጠዋት 156። ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ 200 ሊትር፣ አሥር ጀሪካን። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ጥበቃውን ተክቶ አዳራሹ ጓሮ በሚያድረው ባለ ጋሪ ጋ። ባለ ጋሪው ፈረስ አለው። ፈረስ ውሃ ይጠጣል። ማንም አልተናገረም፤ ግን እስከ እኩለ ቀን ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ጨርሷል። አንድ ሰውም «ጋሪ ላይ ጀሪካን አየሁ» አለ። ጋሪ ላይ ጀሪካን ያልታየበት ቀን የትኛው ነው?

እኔም ጠረጠርኩት። ይሄ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቁልፉን አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖረና «እኔ እዚህ አላድርም» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሄደ። ያኔ ነው ተንበርክኬ ከሮቶው ሥር ያየሁት። የማጠቢያው ሳራቺኔስካ (መዝጊያው)፣ ከታች በኩል የገጠምኩት፣ እኔው ራሴ፣ ውሃ እንዳያሾልክ የሚጠመጠመውን ጥብጣብ፣ ቴፍሎን፣ ሦስት ዙር ብቻ ጠምጥሜበት ሱቅ ረፍዶብኛል ብዬ የሮጥኩበት፣ ጥርሱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። ጠጠሩ ውስጥ ስለሚሰርግ መሬቱ ላይ ምንም አይታይም። ጽዋ አስቀምጬ በሰዓት ለካሁ፤ ቢባዛ ሌሊቱን ሙሉ 200 ሊትር ገደማ።

ማታ ከዳኛችን ጋር ባለ ጋሪው ቤት ሄድን። ሦስት ጊዜ «ተወው» አለ፤ አራተኛው ላይ ቡና ተፈላ። እሑድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጥፋቱ የኔ እንደሆነ እናገራለሁ። ዳኛችን በዕድሩ ደንብ 50 ብር ቀጡኝ፤ የቅጣቱ ምክንያት «ቴፍሎን ማሳነስ» ተብሎ መዝገብ ላይ ተጻፈ።

ነሐሴ 19፣ እሑድ

ሁሉም ደህና። ዘንግ 188። እርግቧ ተመልሳ መጣች።

መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ትናንት ሌሊት የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም፤ ጠዋት 196፣ አፍ እስከ ገደፉ። ከዚህ በኋላ በሳምንት 31 ጀሪካን ብቻ፣ 25 ሳንቲ ሜትር። ወደ ስምንት ሳምንት ያስኬደናል።

መስከረም 17፣ ዓርብ፣ መስቀል

ማክሰኞ ሌሊት ጥሩንባው ተነፋ። ከዕድርተኞቻችን የአንዷ እናት አረፉ። ድንኳኑ ጓሯቸው ውስጥ ተተከለ፤ ከአዳራሹ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ።

ወጥ ቤቶቹ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ሮቶው መጡ። ለንፍሮ፣ ለወጥ፣ ለሻይ። ቁልፉን ሰጠሁ፤ ማን «ለቅሶ ነው፤ ግን የሕፃናቱ ድርሻ ነው» ይላል? ማንም አላለም። ረቡዕ ጠዋት ግን ወደ ድንኳኑ በር ስደርስ ባለ ከዘራው ከእጅ ማስታጠቢያው አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን እንደ አጥር ዘርግተው ጀሪካን ይዛ የመጣችን ልጅ «ይሄ የቱ ነው?» ይላሉ። «የሮቶው ነው አባባ።» «መልሺው። ለእጅና ለሳህን ከቦኖ። የሮቶው ለምድጃ ብቻ።» በሙሉ ትከሻቸው ዞረው አዩኝና «ምን ታያለህ? ሂድና ተሸከም» አሉኝ። ከቦኖ አሥራ ሁለት ጀሪካን ተሸከምኩ።

ሠልስቱ ደመራ ዕለት አለቀ። ዘንጉ ከ171 ወደ 129 ወርዷል። 42 ሳንቲ ሜትር፣ 52 ጀሪካን። እሳቸው ባይቀመጡ ስንት እንደሚሆን አላሰላሁም።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ነገ ኢሬቻ ስለሆነ ግማሹ ሰፈር ወደ ቢሾፍቱ ይሄዳል፤ የእሑዱን ዛሬ አደልን። 79።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

54። ከዚህ በኋላ ሁለት እሑድ፣ ከዚያ ጭቃ።

ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ በሚቀጥለው ክረምት ሌላውን የጣሪያ ጎን በአሸንዳ ማስያዝ፤ እሱ ያለ ክርክር አለፈ፤ ላሜራ ግን ከሰኔው ዋጋ በላይ ወጥቷል። ሁለተኛው የኔ ነው፦ ሮቶው በበጋ ባዶውን ከሚቆም የአዋሹ መስመር በፈረቃ ሌሊት ሲመጣ ለምን አንሞላበትም? አስመርምሬዋለሁ፤ 1.2 ነው፤ ከቦኖው በብዙ ይሻላል። ችግሩ አዳራሹ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ግፊቱ አይደርስም። ዝቅ ካለ ቤት ቧንቧ ቀድቶ በትንሽ ፓምፕ መግፋት ያስፈልጋል።

ዝቅ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፀጥ ሆነ። ባለ ከዘራው ወለሉን አንዴ መቱ። «ቢሉን ዕድሩ ይከፍላል?» «ይከፍላል ጋሼ።» «የመብራቱንስ?» «የመብራቱንም።» «በሌሊት ውሻዬን ማን ያስራል?» ይሄ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ባለ ጋሪው ያስራል ተባለ፤ ውሻው እሱን ይወዳል፤ ቁልፉንም ዛሬ መልሶ ተቀበለ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት። የጋሼ ቧንቧ ሲያስነጥስ ቆየ፣ ከዚያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ጥርት ያለ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሂዱና ተኙ ብንላቸው አልሰሙንም። ቡናማውን ለጽጌረዳቸው አስደፉን። ፓምፑ እስከ 11 ሰዓት ሠራ፤ ዘንጉ 70 ላይ ደርሷል።

ላስቲኩ ከፓምፑ ጋር የተያያዘበት ያንጠባጥባል። ነገ ከሱቅ ማሰሪያ ይዤ እመጣለሁ፤ ሁለት።